የሞተርሆም መስኮት ነቅሎ እንደገና ማሸግ፦ የሥራ ማስታወሻ

1ኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ

በሞተርሆሜ (ውስጡ እንደ ቤት የሚኖርበት መኪና) አልጋው ራስጌ ካለው መስኮት ሥር የግድግዳ ወረቀቱ አብጧል። በአውራ ጣቴ ስጫነው ይሰምጣል፤ ሳነሳ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ከኋላው ያለው ኮምፔርሳቶ ውሃ ጠጥቷል ማለት ነው። ሽታው ከጀመረ ወራት ሆኖታል፤ ከፍራሹ መስሎኝ ፍራሹን ሁለት ጊዜ ፀሐይ ላይ አውጥቼዋለሁ።

መስኮቱ በአልሙኒየም ፍሬም ውስጥ ወደ ጎን የሚንሸራተት ባለመስታወት ነው። ወርዱ 90 ሳ.ሜ፣ ቁመቱ 55 ሳ.ሜ። ከዚህ በኋላ ግራና ቀኝ የምለው ከውስጥ ሆኜ ስመለከተው ነው፤ ከውጭ ሲታይ ይገለበጣል። ይህን መጀመሪያ ስላልወሰንኩ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የጻፍኳቸውን ልኬቶች ቀድጄ እንደገና ጽፌአለሁ።

ባለ ሁለት መርፌ የእርጥበት መለኪያ ገዛሁ። ከዚህ ሥራ ዕቃ ሁሉ ውዱ እሱ ነው፤ ግን ያለ እሱ መጀመር በጨለማ መዳበስ ነው። ልኬቱ እንዲህ ወጣ፦ ከመስኮቱ በላይ 11%፣ ቀኝ ጎን 12%፣ ታች ቀኝ ጥግ 14%፣ ታች መሃል 24%፣ ግራ ጎን መሃሉ ላይ 21%፣ ታች ግራ ጥግ 32%። እንጨት እስከ 15% ድረስ ደህና ነው። ከ15 እስከ 20 ከሆነ በየጊዜው መለካት ያስፈልጋል። ከ20 ካለፈ ውሃ ከአንድ ቦታ እየገባ ነው፤ 30 ላይ የደረሰ እንጨት ደግሞ መበስበስ ጀምሯል ብሎ ማሰብ ይሻላል።

ከመስኮቱ በላይ ያለው ደረቅ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ውሃው ከጣራ ቢመጣ ኖሮ መጀመሪያ የሚረጥበው እሱ ነበር። ስለዚህ ጣራው ላይ አልወጣም፤ ሥራው መስኮቱ ላይ ነው።

ውጭ ወጥቼ ፍሬሙን በባትሪ አየሁት። ዙሪያውን ሁለት ድርብ ሲሊኮን አለበት። የሥረኛው ቢጫ ሆኗል፤ ከእኔ በፊት የነበረ ሰው የቀባው ነው። የላይኛው የእኔ ነው። ባለፈው የዝናብ ወቅት ጠብታ ሳይ ግማሽ ቱቦ ጨርሼ ዙሪያውን ለስኜበት ነበር፣ የታችኛውን ጠርዝ ጭምር። ፍሬሙ ከታች በኩል የውሃ መውጫ የሆኑ አራት ቀጫጭን ቀዳዳዎች አሉት። አራቱም ተደፍነዋል። ሦስቱ ላይ ያለው ሲሊኮን የእኔ ነው፤ ነጭ ስለሆነ ይለያል።

1ኛ ሳምንት፣ እሑድ

ከመንቀሌ በፊት ውሃው በየት እንደሚገባ ማወቅ ፈለግሁ። አንዴ ከተነቀለ ምልክቱ ይጠፋል። ታናሽ ወንድሜ ውስጥ አልጋው ላይ ተንበርክኮ በባትሪ ያያል፣ እኔ ውጭ በጎማ ውሃ አፈሳለሁ። የጎማው ጫፍ ላይ ምንም አልገጠምኩም፤ በግፊት ከተረጨ ጤነኛ መስኮትም ያስገባል። ዝናብ እንደሚወርደው መልቀቅ ብቻ ነው። ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይኬዳል። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ወርዶ ሁሉንም ያረጥብና የቱ እንዳስገባ አይለይም።

ታችኛው ጠርዝ 5 ደቂቃ፣ ምንም። ቀኝ ጎን 5 ደቂቃ፣ ምንም። ግራ ጎን 5 ደቂቃ፣ ምንም። ላይ ግራ ጥግ ላይ በ7ኛው ደቂቃ ወንድሜ ከውስጥ «ጋሼ፣ መጣ!» አለ። «የት ጋ?» ስለው «ታች፣ ጥጉ ላይ» አለኝ። ውሃው የገባው ላይ ነው፣ የወጣው ግን ግማሽ ሜትር ወርዶ ነው።

ቀጥሎ መስኮቱ በሚንሸራተትበት ሐዲድ ውስጥ አንድ ኩባያ ውሃ ጨመርኩ። እንዲህ ያለ መስኮት ዝናብ ሲመታው ሐዲዱ ውስጥ ውሃ መግባቱ አይቀርም፤ ሲሠራም እንደዚያ ታስቦ ነው። የገባው ውሃ በታችኛው ቀዳዳ ወደ ውጭ ይፈሳል። የእኔ ሐዲድ ላይ ግን ውሃው እንደ ገንዳ ቆመ። ሁለተኛውን ኩባያ ስጨምር የውስጠኛውን ከንፈር ተሻግሮ በግድግዳ ወረቀቱ ላይ ወረደ።

ሁለት ቀዳዳ ፍለጋ ወጥቼ አንዱን እኔው እንደሠራሁት አገኘሁ። ላይ ግራ ጥጉ ያረጀ ማሸጊያ ነው፤ የታችኛው ግን ሲሊኮን በመቀባት የመጣ ነው። ያን ቀን ሲሊኮኑን ባልቀባው ኖሮ ሐዲዱ ውስጥ የገባው ውሃ ዛሬም በራሱ መንገድ ይወጣ ነበር።

2ኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ። ነቀላ

መጀመሪያ የ12 ቮልቱን ባትሪ ነጠልኩ። ከመስኮቱ ጎን የንባብ መብራት አለ፤ ሽቦው ግድግዳው ውስጥ በየት እንደሚያልፍ አይታይም።

አያያዙ ይህን ይመስላል። የውጭው ፍሬም ዙሪያውን 22 ሚ.ሜ የሚሆን ከንፈር አለው፤ ከንፈሩ በግድግዳው ውጫዊ ገጽ ላይ ያርፋል። በከንፈሩና በግድግዳው መካከል ቡቲል ቴፕ (እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ፣ የማይደርቅ የማሸጊያ ጥቅል) አለ። ከውስጥ ደግሞ ሌላ ቀለበት የመሰለ ፍሬም ይመጣና በብሎን ከውጭው ፍሬም ጋር ይያያዛል። ብሎኖቹ ሲጠብቁ ሁለቱ ፍሬሞች ግድግዳውን እንደ ሳንዱች ይጨምቁታል፣ ቴፑም ይጠፈጠፋል። መስኮቱን የሚይዘው ይህ ጭምቅታ ነው። ውጭ የሚቀባ ማንኛውም ነገር በዚህ ላይ ተጨማሪ ነው እንጂ ዋናው አይደለም።

የውስጡ ፍሬም 22 ብሎን አለው። እያንዳንዱን ሳወጣ በቅደም ተከተል ካርቶን ላይ ሰካሁት። ይህ በጣም ጠቀመኝ፤ ካርቶኑ ራሱ ካርታ ሆነ። የላይኞቹና የቀኞቹ ብሎኖች ያብረቀርቃሉ። ከግራ ጎን ከሁለተኛው ጀምሮ ዝገት ይጀምራል፣ ወደ ታች እየወረደ ይብሳል፣ ታች ግራ ጥጉ ላይ ያለው ብሎን ክር አልቀረለትም። ሁለቱ ጭንቅላታቸው ተበላ። አንዱን በፒንሳ ይዤ አዞርኩት፤ ሌላውን ጭንቅላቱን በትራፓኖ በስቼ አስለቀቅሁት።

ውጭ ያለውን ሲሊኮን ለመቁረጥ የብረት ምላጭ ተጠቀምኩ። ስህተት ነበር። ምላጩ ከፍሬሙ ሾልኮ ቀለሙ ላይ 4 ሳ.ሜ የሚሆን ጭረት ተወ። ጭረቱ ከንፈሩ ከሚሸፍነው ውጭ ስለሆነ ይታያል። ከዚያ በኋላ ከፍሬሙ አጠገብ ያለውን ግድግዳ በወረቀት ቴፕ ሁለት ድርብ ሸፍኜ በፕላስቲክ ስፓቱላ ብቻ ቀጠልኩ። ዘገምተኛ ነው፣ ግን ቀለም አይነካም።

ፍሬሙ ብሎኖቹ ሁሉ ወጥተውም ንቅንቅ አላለም። የሁለት ጣት ያህል ስፋት ያላቸው የእንጨት ሽብልቆች ሠርቼ ከታች ቀኝ ጥግ ጀመርኩ፤ ቴፑ ሳይጎዳ የቀረው እዚያ ስለሆነ የሚይዘውም እሱ ነው። በፀጉር ማድረቂያ ከውጭ ከንፈሩን ለብ አደርጋለሁ፣ ስፓቱላውን እገፋለሁ፣ ሽብልቁን አስገባለሁ፣ 10 ሳ.ሜ እሄዳለሁ። ፍሬሙን ጠምዝዞ መንቀል አይቻልም። የአልሙኒየሙ ጥጎች ይከፈታሉ፤ መስታወቱም የተጠናከረ ስለሆነ ጠርዙን ከተመታ ሙሉ በሙሉ ይረግፋል። ወንድሜ ውጭ በሁለት እጁ ደግፎ ቆሞ እኔ ከውስጥ በመዳፌ እየገፋሁ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሲለቅ ቡቲሉ እንደ ማስቲካ ክር እየሠራ ተጎተተ። ብርድ ልብስ ላይ አስተኛነው።

የላይኛው ግራ ጥግ። ይህን ቀስ ብዬ አየሁት። ፋብሪካው ላይ ቴፑ በሁለት ቁራጭ ነው የተለጠፈው፤ ሁለቱ ጫፎች የሚገናኙት ልክ ጥጉ ላይ ነው። በመካከላቸው 4 ሚ.ሜ ክፍተት አለ። ምናልባት ሲገጠም ተነካክተው ነበር፣ ቴፑ ተለጥጦ ስለነበር በኋላ ተሰብስቦ ይሆናል። ከዚያ ክፍተት አንድ ቡናማ መስመር ይጀምራል፤ ውፍረቱ የእርሳስ ምልክት ያህል ነው። በግድግዳው ክፍት ጠርዝ ላይ ወርዶ የመጀመሪያውን ብሎን ይዞራል፣ ሁለተኛውን ይዞራል፣ እየሰፋ ሄዶ ታች ጥግ ላይ ጥቁር ይሆናል። የዓመታት ዝናብ የሄደበት መንገድ ነው። ፎቶ አነሳሁት፣ ከዚያ ጠረግሁት።

2ኛ ሳምንት፣ እሑድ። ግድግዳው ውስጥ

ግድግዳው 30 ሚ.ሜ ነው፦ ውጭ 2 ሚ.ሜ ፋይበርግላስ፣ መሃል 25 ሚ.ሜ ፎም፣ ውስጥ 3 ሚ.ሜ ኮምፔርሳቶ። መስኮቱ ክፍት ዙሪያ በፎሙ ፋንታ 40 በ25 ሚ.ሜ የሆነ ሞራሌ ገብቷል። ክፍቱ ራሱ ሞራሌውን ስለሚያሳይ የውስጡን ግድግዳ ሳልቆርጥ ሥራውን ከዚያ መሥራት ቻልኩ።

የታችኛው ሞራሌ በካቻቪቴ ጫፍ ስነካው እንደ እርጥብ ዳቦ ፈረሰ። ከግራ ጥግ ጀምሮ 38 ሳ.ሜ የበሰበሰ ነው። የግራው ቋሚ ሞራሌ ደግሞ ከታች 20 ሳ.ሜ። በመሮና በእጅ እያወጣሁ ደህና እንጨት ላይ ስደርስ ቆምኩ፤ ከዚያ ሌላ 5 ሳ.ሜ ጨምሬ ቆረጥኩ። ጤነኛ የሚመስለው ጫፍ ውስጡ ጠቁሮ ስለሚገኝ እዚህ ላይ መሰሰት አያዋጣም። ቋሚውን ስቆርጥ የንባብ መብራቱ ሽቦ ከመሮው 1 ሳ.ሜ ርቆ ወጣ። ባትሪውን መንጠሌ ትክክል ነበር።

ፎሙ ደህና ነው። ውሃ አልያዘም፤ ከኮምፔርሳቶው ጋር ያጣበቀው ኮላ ግን ለቋል።

ክፍቱን ከውጭ በወፍራም ላስቲክ ሸፈንኩት። የላስቲኩን የላይኛ ጠርዝ በደንብ ለጥፌ የታችኛውን ልቅ ተውኩት፣ አየር እንዲያልፍ። ውስጥ ትንሽ ቬንቲሌተር ወደ ክፍቱ አዙሬ አስነሳሁ። ልኬት፦ ኮምፔርሳቶው 28%።

3ኛ ሳምንት። ማድረቅና ማጽዳት

በ4ኛው ቀን ኮምፔርሳቶው በእጅ ሲነካ ደረቅ ነው። መለኪያው 15% አለ። ልዘጋው ተነሳሁ። እንጨቱን ሁሉ ቆርጬ አዘጋጀሁ። ከዚያ መርፌዎቹን አጥብቄ ወደ ውስጥ ስገፋ 23% አነበበ። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ነበር። በዚያ ላይ ሞራሌ አጣብቄ ብዘጋው እርጥበቱ መውጫ አጥቶ አዲሱንም ያበሰብሰው ነበር። ቬንቲሌተሩን መልሼ አስነሳሁ። 8ኛው ቀን 17%፣ 11ኛው ቀን 13%። ከዚህ በኋላ የምለካው ሁሌም አጥብቄ ወግቼ ነው።

እስኪደርቅ ድረስ ሲሊኮኑን ማጽዳት ያዝኩ። ከጠቅላላው ሥራ ይህን ያህል ሰዓት የበላ የለም፤ 9 ሰዓት። የሲሊኮን ክፉ ነገሩ መያዙ አይደለም። ከተላጠ በኋላ የሚተወው የማይታይ ቅባት ላይ ቡቲልም ሆነ ቀለም ሆነ ሌላ ማሸጊያ አይዝም። ራሱ አዲሱ ሲሊኮንም በአሮጌው ላይ በደንብ አይዝም። ለዚህ ነው የእኔ ድርብ በጣት ሲሳብ እንደ ክር የተላቀቀው።

የሄድኩበት መንገድ፦ የሚታየውን ሁሉ በፕላስቲክ ስፓቱላ፤ ከዚያ የሲሊኮን ማስለቀቂያ ጄል ቀብቶ እንደ ቆርቆሮው መመሪያ መጠበቅ፤ መጥረግ፤ እንደገና መቀባት። ሁለት ቆርቆሮ ሄደ። መጽዳቱን የማውቀው በወረቀት ቴፕ ነው፦ ለጥፌ ስነቅለው በሁሉም ቦታ እኩል ከያዘ ጸድቷል፣ ያለ ጉልበት ከለቀቀ ሲሊኮን አለ። ውሃ በጣት ረጭቶ ማየትም ይሠራል። ሲሊኮን ባለበት ውሃው ኳስ ኳስ ይሆናል።

ቡቲሉ ከሱ ይሻላል። አሮጌውን ቡቲል ጠቅልዬ ኳስ አድርጌ የቀረውን ጫን እያደረግሁ ማንሳት ከማንኛውም ፈሳሽ በተሻለ ሠራ። የተረፈውን በኋይት ስፒሪት (የቀለም ማቅጠኛ ፈሳሽ) አጠብኩት። ኋይት ስፒሪት ቅባት ስለሚተው መጨረሻ ላይ በአልኮልና በንጹሕ ጨርቅ፣ ጨርቁን እየቀያየርኩ።

ማስጠንቀቂያ ለሚሠራ ሰው፦ የእኔ ይህ መስኮት መስታወት ነው። የመኪናው ሌሎቹ መስኮቶች ግን አክሪሊክ (መስታወት የሚመስል ፕላስቲክ) ናቸው፣ ብዙ ሞተርሆሞች ላይ እንዲያውም ሁሉም። አክሪሊክ ላይ ቲነር፣ አሴቶንና አልኮል አይቀርብም። በቀናት ውስጥ ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል። እሱን በለብ ያለ ውሃና ሳሙና ብቻ ነው።

ፍሬሙ ላይ አራቱን ቀዳዳዎች በጥርስ መፋቂያ እንጨትና በቀጭን ሽቦ ከፈትኳቸው። ከአንዱ ውስጥ የወጣው ሲሊኮን የቀዳዳውን ቅርፅ ይዞ ነው፤ ርዝመቱ 2 ሳ.ሜ፣ አንድ ጫፉ ላይ ጭቃና የሞተ ነፍሳት ተጣብቆበታል። ሐዲዱን በብሩሽ አጠብኩ። ፍሬሙን አቁሜ አንድ ኩባያ ውሃ ስጨምር በአራቱም ፈሰሰ። የፍሬሙ ታችኛ ጥጎች አልሙኒየሙ በ45 ዲግሪ ተቆርጦ የተጋጠመባቸው ናቸው፤ ከውስጥ በኩል በቀጭኑ ማሸጊያ አስነካኋቸው።

4ኛ ሳምንት፣ ቅዳሜና እሑድ። እንጨቱ

አዲሱን ሞራሌ ደረቅ ጥድ አደረግሁት። መጀመሪያ ያገኘሁት ውፍረቱ 27 ሚ.ሜ ነበር፤ 2 ሚ.ሜ ምንም አይደለም ብዬ በመዶሻ ወደ ውስጥ አስገባሁት። ውጭ ወጥቼ በጎን ሳየው ፋይበርግላሱ ሆዱ ተነፍቷል። ወዲያው ባላየው ኖሮ በዚያው ሊቀር ነበር። አወጣሁት፣ በላጊ 24.5 ሚ.ሜ አደረስኩት። አሁን በእጅ ይገባል፣ ለኮላውም ቦታ አለው።

ሁለቱንም ቁራጭ በሁሉም ጎን ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ) ቀባሁ። የተቆረጡትን ጫፎች ሦስት ጊዜ፤ እንጨት ውሃ የሚጠጣው በዋናነት በጫፉ በኩል ነው። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሬ በወፍራም ኢፖክሲ አጣበቅሁት። አረፋ የሚሠራ ፖሊዩሬታን ኮላ ቤት ነበረኝ፤ አልተጠቀምኩበትም። ሲያብጥ ፋይበርግላሱን መልሶ ይገፋዋል።

መቆንጠጫዎቹን በቀጥታ ሳሳርፍ የመጀመሪያው የውስጡ ኮምፔርሳቶ ላይ ጎድጓዳ ተወ። ከዚያ በውስጥም በውጭም ጠፍጣፋ ጣውላ አድርጌ በጣውላው ላይ አጠበቅሁ። ከጣውላው ሥር ላስቲክ፣ ኢፖክሲው እንዳያጣብቀው። 24 ሰዓት።

እሑድ ፈታሁት። ግድግዳው በአምስት ቦታ ሲለካ 30 ሚ.ሜ፣ አንድ ቦታ 30.5። መስኮቱን ያለ ቴፕ አስገብቼ አየሁት፦ ዙሪያውን ከ3 እስከ 4 ሚ.ሜ ክፍተት አለው፣ የትም አይነካም።

ብሎኖቹን ሁሉ በማይዝግ ብረት ቀየርኩ፣ ርዝመታቸው ከአሮጌዎቹ ጋር አንድ። ረዥም ብሎን ይበልጥ ይይዛል ብሎ ማሰብ እዚህ አይሠራም። ጫፉ የውጭውን ፍሬም መትቶ ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ቴፑ ሳይጨመቅ ይቀራል። የማይዝግ ብረትና አልሙኒየም እርጥበት ካገኙ አልሙኒየሙ ስለሚበላ ክሩ ላይ ትንሽ ግሪስ አስነካሁ።

5ኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ። ገጠማ፣ ሁለት ጊዜ

ቴፑ 19 ሚ.ሜ ስፋት፣ 3 ሚ.ሜ ውፍረት፣ ጥቅሉ 9 ሜትር። የፍሬሙ ዙሪያ 2.9 ሜትር ነው።

ቡቲል የመረጥኩት ስለማይደርቅ ነው። መኪናው በሄደ ቁጥር ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ፀሐይ ላይ አልሙኒየሙና ፋይበርግላሱ በተለያየ መጠን ይለጠጣሉ። ቡቲል አብሮ ይሄዳል። በጠንካራው ፖሊዩሬታን ቢለጠፍ ይይዛል፤ ግን በሚቀጥለው ጊዜ መስኮቱ ሲነቀል ፋይበርግላሱን ይዞ ይመጣል።

ጠዋት 7 ዲግሪ ነበር። ወንድሜ በኋላ ሥራ ስላለበት ቸኮልኩ። ቴፑ በብርዱ ጠንክሯል፤ ጥጎቹ ላይ እንዲታጠፍልኝ ሳብ አደረግሁት። መስኮቱን አስገብተን ብሎኖቹን ዙሪያውን በተራ አጠበቅሁ። ከታችና ከጎን ቡቲል ተጨምቆ ወጣ፣ ላይ ቀኝ ጥግ ላይ ምንም አልወጣም። ከንፈሩን ጥፍሬን አስገብቼ ስሞክር ጥፍሬ ገባ። ሳብ ያደረግሁት ቴፕ ቀጥኖ ነበር። ፋብሪካው ላይ የተሠራው ስህተት ራሱ ነው፤ ለዚህም አምስት ሳምንት ስሠራ ከርሜ እንደዚያ ልተወው አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ ከውጭ ትንሽ ብትቀባው?» አለኝ ወንድሜ። «አይ፣ ይነቀል» አልኩት። ነቀልነው። 3 ሜትር ቴፕ ተጣለ፣ ጽዳቱም እንደ አዲስ።

ከሰዓት በኋላ 21 ዲግሪ። ወንድሜ ሥራውን ትቶ ቀረልኝ። የቴፑን ጥቅል ፀሐይ ላይ አቆየሁት፣ እንደ ሊጥ ለሰለሰ። ይህን ጊዜ የጀመርኩት ከታችኛው ጠርዝ መሃል ነው፤ መገጣጠሚያው ውሃ በማይጫንበት ቦታ፣ ከጥግም የራቀ እንዲሆን። ጥጎቹ ላይ ሳልስብ፣ እንዲያውም በጣቴ ወደ ውስጥ እየገፋሁ አዞርኩት፤ እያንዳንዱ ጥግ ላይ የአተር ፍሬ ያህል ቡቲል ጨመርኩ። ሁለቱን ጫፎች በሰያፍ ቆርጬ በጣቴ አንድ እስኪሆኑ አሻሸኋቸው። የመከላከያ ወረቀቱ የተነሳው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የታችኛው ከንፈር አረፈ፣ ቀጥሎ ላይኛው። ወንድሜ ውጭ በሁለት መዳፉ ይጫናል። ብሎኖቹን በትራፓኖ ሳይሆን በእጅ ካቻቪቴ፦ ከየጎኑ መሃል ጀምሬ፣ ቀጥሎ ትይዩው፣ ወደ ጥጎች እየሄድኩ። ሁሉም እስኪነካ ብቻ። 20 ደቂቃ እረፍት። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሩብ ዙር፣ እንደገና እረፍት። ቡቲል ቀስ ብሎ ነው የሚፈሰው፤ በአንዴ ከተጠበቀ አንዱ ጎን ባዶ እስኪሆን ይጨመቃል፣ ሌላው ወፍራም ሆኖ ይቀራል። በሦስተኛው ዙር ላይ በአራቱም ጎን 2 ሚ.ሜ የምትሆን ጥቁር መስመር እኩል ወጣች። ላይ ቀኝ ጥጉ ላይም።

እሑድ ሩብ ዙር ወሰደ። ማክሰኞ ደግሞ ከዚያ ያነሰ። ዓርብ አልዞርም አለ።

6ኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ

የወጣውን ቡቲል በሳሙና ውሃ በተነከረ የፕላስቲክ ቢላ ከከንፈሩ ጋር እኩል ቆረጥኩት። ከላይና ከሁለቱ ጎኖች ቀጭን መስመር ሃይብሪድ ማሸጊያ (ሲሊኮን ያልሆነ፣ ከቱቦ የሚወጣ ማሸጊያ)፤ አቧራ በቡቲሉ ላይ እንዳይጣበቅና ፀሐይ በቀጥታ እንዳያገኘው ነው። ከላይ ለጣራ የሚሆነው ራሱን የሚያስተካክል ዓይነት ለቋሚ ግድግዳ አይሆንም፤ ይወርዳል።

ታችኛውን ጠርዝ አልቀባሁም። ከላይ አንድ ቀን ውሃ ሾልኮ ከገባ የሚወጣበት እዚያ ነው። ቀዳዳዎቹ በማሸጊያ እንዳይነኩ በወረቀት ቴፕ ሸፍኜ ነበር፤ ቴፑን አንስቼ ቆጠርኳቸው፣ አራት።

የውሃ ሙከራ እንደ መጀመሪያው፣ ግን በእያንዳንዱ ከፍታ 10 ደቂቃ። ወንድሜ ውስጥ ነጭ የወጥ ቤት ወረቀት ከመስኮቱ ሥር ለጥፎ ተቀመጠ። ወረቀቱ ደረቅ ነው። ሐዲዱ ላይ ሁለት ኩባያ ውሃ፣ በአራቱም ወጣ።

ከዚያ የአየር ሙከራ አደረግን። የጋዝ ሲሊንደሩን ዘጋሁ። በሮቹንና ሌሎቹን የአየር ቀዳዳዎች ዘግቼ፣ የጣራውን መስኮት በካርቶን ሸፍኜ በመሃሉ የአየር መንፊያ ወደ ውስጥ አስገባሁ፣ በዝቅተኛ ኃይል። ውስጡ ከውጭ ትንሽ ከፍ ያለ ግፊት ሲኖረው ቀዳዳ ባለበት ሁሉ አየር ወደ ውጭ ይወጣል። ውጭ የሳሙና ውሃ በብሩሽ ቀባሁ። የመስኮቱ ላይኛ ጠርዝና ጎኖቹ ላይ አንድም አረፋ የለም። ከመስኮቱ 60 ሳ.ሜ በላይ ያለው የጥላ ሸራው ሐዲድ ላይ ግን ሦስተኛው ብሎን ሥር ጥቃቅን አረፋ እንደ ነጭ ጽጌረዳ እየተከመረ ወጣ።

ከመስኮቱ በላይ 11% ያነበብኩት ይህ ብሎን ገና ውሃ ስላላስገባ ነው። ወይም አሁን መጀመሩ ነው።

እስካሁን የገባው፦ 31 ሰዓት፣ አንድ ጥቅል ቴፕ (3 ሜትር ተረፈ)፣ ሁለት ቆርቆሮ የሲሊኮን ማስለቀቂያ፣ ግማሽ ቱቦ ሃይብሪድ፣ አነስተኛ ኢፖክሲ፣ 1 ሜትር ሞራሌ፣ 22 ብሎን። ጭረቱ ገና አልተነካም፤ ቀለም አገኛለሁ።

10ኛ ሳምንት

ሦስት ትላልቅ ዝናብ አልፏል፣ አንዱ ሌሊቱን ሙሉ በነፋስ የመጣ። ያን ሌሊት ተነስቼ ሁለት ጊዜ በባትሪ አየሁ። ልኬት፦ ከላይ 11%፣ ግራ ጎን 12%፣ ታች ግራ ጥግ 12%፣ ታች መሃል 11%። ሽታው የለም። የግድግዳ ወረቀቱን ከሥር ኮላ አድርጌ መልሼ ለጠፍኩት፤ አንድ የታጠፈች መስመር ቀርታለች፣ መጋረጃው ይሸፍናታል።

ነገ የጥላ ሸራውን ሐዲድ ሦስተኛ ብሎን አወጣለሁ። የተረፈው ቴፕ 3 ሜትር ነው፣ ሐዲዱ 3.5። ሌላ ጥቅል ያስፈልጋል፤ በሁለት ቁራጭ አልለጥፈውም።